«ሜክ አፕ» እና ጎረቤቶቹ

ፎቶ ኮፒ ቤቶቻችን ካባዟቸው ወረቀቶች ሁሉ ዕድሜ የጠገበው የ«ፍሬዛል ቨርብ» ዝርዝር ሳይሆን አይቀርም። አይታችሁታል። በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ መሐል ላይ የእኩል ምልክት፣ በቀኝ በኩል አማርኛው። ከኮፒ ላይ ኮፒ ሲደረግ ኖሮ ፊደሉ ደብዝዟል፤ ጥጉ ላይ ባለቤቱ የማይታወቅ የእጅ ጽሑፍ ተጨምሮበታል፤ ፈተና ሲቃረብ ግን ከተማሪ እጅ አይለይም። «ጊቭ አፕ እኩል ይሆናል ተስፋ ቆረጠ። ሉክ አፍተር እኩል ይሆናል ተንከባከበ። ሜክ አፕ እኩል ይሆናል ፈጠረ።» እንዲህ እያለ ይወርዳል፤ አንድ መቶ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ። ልጆቻችንም ዳዊት እንደሚደግም ሰው እየተወዛወዙ ይሸመድዱታል።

የዛሬው ጠቤ ከዚያች የእኩል ምልክት ጋር ነው። ለሂሳብ ትምህርት ትመቻለች፤ ለቋንቋ ግን ብዙ ጊዜ ትዋሻለች። ውሸቷም እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ዋጋ የሚከፍልበት ሰው አለ። ለማስረጃ ያህል አንዱን፣ ያንኑ «ሜክ አፕ»ን ይዤ ልቆይ።

«ሜክ» ማለት ሠራ ነው። «አፕ» ማለት ደግሞ ወደ ላይ። ሁለቱን የደመረ ሰው «ወደ ላይ ሠራ» የሚል ነገር ያገኛል፤ በቤቱ ላይ ፎቅ የጨመረ ባለሀብት ይመስላል። አገሬው ሲናገረው ግን ሌላ ነው። ልጅ የቤት ሥራውን ያልሠራበትን ሰበብ ከራሱ ፈልስፎ ሲያወራ «ሜድ አፕ» ይባላል። ባልና ሚስት ተኳርፈው ሰንብተው ሲታረቁም «ሜድ አፕ» ነው። ሙሽራ ስትኳኳል ያው ነው። አርፍዶ የተነሣ አውሮፕላን አየር ላይ ፍጥነት ጨምሮ የባከነውን ሰዓት ሲያካክስ «ሜክ አፕ» አደረገ ይባላል። ሲያመነታ የከረመ ሰው ቁርጥ ውሳኔ ላይ ሲደርስ «ሜድ አፕ ሂዝ ማይንድ» ነው። የሆቴል እንግዳ በሩ እጀታ ላይ የሚያንጠለጥላት «ፕሊዝ ሜክ አፕ ማይ ሩም» የምትል ካርድ ደግሞ ክፍሌን አጽዱልኝ፣ አልጋዬን አንጥፉልኝ ማለት ናት እንጂ ግድግዳውን ዱቄት ቀቡልኝ ማለት አይደለችም። ይባስ ብሎ ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ አንድ ሰው «አይም ሜድ አፕ» ካላችሁ ደስታው ወሰን አጥቷል ማለት ነው። ቡድኑን እዚህ አዲስ አበባ ሆነው የሚደግፉ ወዳጆቼ ይህቺን ይያዙልኝ፤ ዋንጫ ሲመጣ ትጠቅማቸዋለች።

እኛ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በደንብ የተዋስነው ሁለቱን ነው። አንደኛው የፊት ቅባቱ፣ «ሜካፕ»ነው። ቃሉ ለዚህ ጉዳይ የዋለው ከቲያትር መድረክ ተነሥቶ ነው፤ ተዋናዩ የሚጫወተውን ሰው እንዲመስል ፊቱን ሲሠሩት። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ ግቢ የወጣው ነው፤ መምህሩ ያልገባበትን ክፍለ ጊዜ የሚተካበት «ሜካፕ ክላስ»። ተማሪው «ቅዳሜ ሜካፕ አለን» ሲል አያቱ «አንተ ወንድ ልጅ፣ ደግሞ ምን ልትኳኳል ነው?» ብትለው አይፈረድባትም።

ጨዋታ አዋቂ ሰው እዚህ ላይ «አያችሁ፣ መኳኳሉን ወስደን ዕርቁን ተውነው!» ብሎ ሊያሽሟጥጠን ይችላል። አያስኬድም። ዕርቁም ሽማግሌውም ድሮ የራሳችን ነው፤ ሰው የሚዋሰው የሌለውን ነው። ኩል ነበረን፤ መስታወት ያለው ባለ ብዙ ቀለም ሳጥን ግን አልነበረንም። ሳጥኑ ሲመጣ ስሙም አብሮት መጣ፤ ነገሩ ይኼው ነው።

ታዲያ አንድ ግሥ ይህን ሁሉ ሲሆን ማን ነው የሚያዞረው? እኔ እንደማየው ጎረቤቶቹ ናቸው። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ አባቶቻችን ነግረውናል። «ሜክ አፕ»ም እንደ ጊደሯ ነው፤ ከዋለበት ይማራል። ከ«ስቶሪ» ጋር ከዋለ ውሸት ይማራል። «ዊዝ» የሚለው ቃል ሰው አስከትሎ ከመጣ ዕርቅ ይሆናል። «ፎር» ከተከተለው ካሳ ነው። «ማይንድ» ካለበት ውሳኔ ነው። «ሜድ አፕ ኦፍ» ሲሆን ደግሞ ከእነዚህ ከእነዚህ ነገሮች የተዋቀረ ማለት ነው። «ዘይ ሜድ አፕ» ያላችሁ ሰው ታረቁ ማለቱ ነው። መሐል ላይ አንዲት «ኢት» ጣል አድርጎ «ዘይ ሜድ ኢት አፕ» ቢላችሁ ግን ብዙውን ጊዜ ፈጥረው አወሩ ማለቱ ነው። ከዕርቅ ወደ ቅጥፈት የሚያሻግረው ድልድይ የሁለት ፊደል ርዝመት ብቻ ነው ያለው። እንግሊዞች ደግሞ ይህችኑ ባለ «ኢት»ዋን ለዕርቅም ይጠቀሙባታል፤ ያን ጊዜ የሚፈርደው ከፊትና ከኋላ ያለው ወሬ ነው።

የእኩል ምልክቷ ኃጢአት ይኼ ነው። ጎረቤቶቹን ሁሉ አባርራ ግሡን ብቻውን ባዶ ሜዳ ላይ ታቆመዋለች።

አሁን ወደ 9ኛ ክፍል እንግባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ እንደ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል፤ የ9ኛ ክፍል ልጅ ባዮሎጂውንም ኬሚስትሪውንም በእንግሊዝኛ መማሩ ግን አልተለወጠም። ይህ ልጅ መጽሐፉን ሲገልጥ «ብለድ ኢዝ ሜድ አፕ ኦፍ ፕላዝማ ኤንድ ሴልስ» ከሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር ጋር ይገጣጠማል። ደም ከፕላዝማና ከሕዋሳት የተዋቀረ ነው ማለት ነው። ልጁ ግን ዝርዝሩን ሸምድዷል፤ «ሜክ አፕ እኩል ይሆናል ፈጠረ»። ስለዚህ «ደም ከፕላዝማና ከሕዋሳት ተፈጠረ» ብሎ ይተረጉመዋል። መልሱ ፍጹም የራቀ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር፤ ልጁ ራሱ ይደነግጥ፣ መምህሩም ይነቃ ነበር። ይህ ግን ትክክል ይመስላል! ደም ዛሬ ምን ምን በውስጡ እንደያዘ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር ልጁ ደም ድሮ ከምን እንደተገኘ የሚተርክ አድርጎ ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተሳሳተው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዜሮ የሚያገኘው ግን በባዮሎጂ ነው።

የአማርኛው ጎንም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። «ፈጠረ» ብለን የጻፍንላት ቃል እኮ ለእግዚአብሔርም ለቀጣፊም የምታገለግል ናት። ለባለ ሰባት ትርጉም እንግሊዝኛ ባለ ሁለት ሦስት ትርጉም አማርኛ ሰጥተን፣ መሐላቸው እኩል ብለን ጽፈን፣ ልጁን «ገባህ?» ብለን እንጠይቀዋለን። እሱም ገብቶኛል ይላል። ምን ይበል?

ከተማ ያለው፣ ፊልም ሲያይ የሚያመሸው፣ ወላጆቹ የግል ትምህርት ቤት የሚከፍሉለት ልጅ ከዚህ መውጫ መንገድ አለው። ቃሉን ከነጎረቤቶቹ አንድ ሺህ ጊዜ ሰምቶታል፤ ዝርዝሩ ቢዋሸውም ጆሮው ያርመዋል። ከገጠር ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚማረው ልጅ ግን ከዝርዝሩ ሌላ ጆሮ የለውም። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት የመጣው የፕላዝማ ትምህርትም ያን ጆሮ ይሰጠዋል ተብሎ ነበር። ሆኖም የስክሪኑ መምህር ልጁ እጁን ሲያወጣ አያየውም፤ «ይቅርታ፣ ያቺ ቃል ምን ማለት ናት?» ቢለው አይሰማውም፤ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። ያልገባው ልጅ ወደዚያችው ፎቶ ኮፒ ይመለሳል።

ጉዳዩ በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ አይቀርም። ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን በሰዓት እየተከፈለው የሚሠራ አንድ ያገራችን ሰው አስቡ። አሞት ሁለት ቀን ቀርቷል። አለቃው «ዩ ካን ሜክ አፕ ዘ አወርስ ኦን ሳተርዴይ» ይለዋል። ቅዳሜ መጥተህ የጎደለውን ሰዓት አካክስ ነው የሚለው። ሰውየው ይዞት ከአገር የወጣው ትርጉም ግን ፈጠረ የሚለው ብቻ ከሆነ፣ «ያልሠራኸውን ሰዓት ፈጥረህ ሙላ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። በመጀመሪያው ትርጉም እንጀራው ይቀጥላል። በሁለተኛው ከሥራ ይባረራል፤ ያውም በአጭበርባሪነት።

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ። «ለምን በፍሬዛል ቨርብ እንጨናነቃለን? ለዕርቅ ‘ሪኮንሳይል’ አለ፣ ለካሳ ‘ኮምፔንሴት’ አለ፣ ለፈጠራ ‘ኢንቬንት’ አለ» የሚል። እውነት ነው፣ አለ። እንዲያውም የተማረው ኢትዮጵያዊ እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ካባ የለበሱ ቃላት ነው የሚመርጠው። ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡት ቃላት ከመጽሐፍ ጋር ስለተዋወቅን ይቀርቡናል፤ «ፑት ኦፍ» ከማለት «ፖስትፖን»፣ «ፑት አፕ ዊዝ» ከማለት «ቶለሬት» ማለት ይቀለናል። የእኛ ብቻ ጠባይም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ዳጉትና ላውፈር የተባሉ ተመራማሪዎች እስራኤል ውስጥ ዕብራይስጥ ተናጋሪ የሆኑ የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን አጥንተው ነበር። ዕብራይስጥ ለአማርኛ የሥጋ ዘመድ መሆኑን ልብ በሉ። ተማሪዎቹ በተለይ ትርጉማቸው ከቃላቱ ድምር የራቁትን ፍሬዛል ቨርቦች እየሸሹ ባለ አንድ ቃሉን ግሥ ይመርጡ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግሥ ስለሌለው ነው አሉ።

መሸሹ ለመናገር ያገለግላል። ችግሩ ሰው የራሱን ቃል እንጂ የሌላውን ቃል መምረጥ አለመቻሉ ነው። አለቃው፣ ነርሷ፣ ፖሊሱ፣ የኤርፖርት ድምፅ ማጉያው እኛን ጠይቀው አይናገሩም። ባለቤቶቹም ቢሆኑ አስቸጋሪነቱን ያውቁታል። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ላሳተመው መዝገበ ቃላት በጻፈው መቅድም፣ ከግሥ ኋላ ትንሽ ቃል እየጨመሩ ትርጉሙን መለወጥ በእንግሊዝኛ እጅግ የበዛ መሆኑን፣ ለባዕድ ሰው ትልቁ ፈተናም ይኸው መሆኑን ተናግሯል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስም ገና ሳይታወቅ ማለት ነው፤ ስሙን ያስተዋወቀው ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው መጽሐፉ ነው።

ዕብራይስጡን ለባለቤቶቹ ልተውና፣ «አማርኛም እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም» ለሚለኝ ሰው ግን እጄን አልሰጥም። ያውቃል እንጂ! ዳኛው «ፈረደለት» ስንል ሰውየው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ «ፈረደበት» ስንል ወደ ወህኒ ይወርዳል። ግሡ አንድ ነው፤ ዳኛውም አንድ ነው፤ የተለየችው «ለ» ወይም «በ» ናት። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንደዚያው። «ደረሰለት» ብንል ከጭንቅ አወጣው ነው። «ደረሰበት» ብንልስ? አደጋ ከሆነ ጉዳት ነው፤ ፖሊስ ከሆነ ምስጢሩን አወቀበት ነው። በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን «ደረሰበት» ብለን ስንጮህ ደግሞ ጉዳትም ምስጢርም የለበትም፤ ወርቅ ነው ያለበት። ይህን ሁሉ ማንም በዝርዝር አላስጠናንም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳይቀር «ፈረደለት»ንና «ፈረደበት»ን አያምታታም።

ነገሩን ገልብጠን እንየው። አማርኛ የሚማር አንድ የውጭ አገር ሰው «አለ እኩል ይሆናል ተናገረ» ብሎ ሸምድዶ መጣ እንበል። «እንግዳው ቁጭ አለ» ስንለው፣ እንግዳው «ቁጭ!» ብሎ የተናገረ ይመስለዋል። «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ስንለውማ ዝም ያለው ሰው እንዴት አድርጎ እንደተናገረ ሲያሰላስል ያድራል። «ተነሣ እኩል ይሆናል ከተቀመጠበት ቆመ» ብሎ የያዘውም አይለፍለትም። ፎቶ ተነሣሁ፣ ነፋስ ተነሣ፣ ጥያቄ ተነሣ፣ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ተነሡ እንለዋለን። «የልማት ተነሺ» የሚለውን ቢያነብ ደግሞ ማልዶ ስፖርት የሚሠራ ታታሪ ሰው ይመስለው ይሆናል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግን ቃሉን ከነጎረቤቱ ያውቀዋል።

እንግዲህ የኛ ልጅ ለ«ሜክ አፕ» የሚያስፈልገው ችሎታ ከእናቱ ጓዳ ይዞት የመጣው ነው። መምህሩ «አፕ»ና «ፎር»ን ሲያስተምር «ለ»ንና «በ»ን ቢያስታውሰው ኖሮ መንገዱ ግማሽ ያጥር ነበር። እኛ ግን «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ አይነገርም» ብለን ልጁ የታጠቀውን መሣሪያ በር ላይ አስፈትተን እናስገባዋለን። አስገብተን ስናበቃ ደግሞ ሦስት መቶ መስመር አማርኛ ያለበት ዝርዝር እንሰጠዋለን። አማርኛው ካልቀረ፣ የሚጠቅመው አማርኛ ቢገባ ምን ነበረበት?

ዝርዝሩን ያዘጋጀውን መምህር አልወቅስም። አንድ ክፍል ውስጥ የታጨቁ ተማሪዎች፣ የማይዳረስ መጽሐፍና ከፊቱ የተደቀነ ፈተና ይዞ ሌላ ምን ያድርግ? ይበልጥ የምወቅሰው ፈተናውን ነው። አንድ ባዶ ቦታ፣ ከሥሩ አራት ምርጫ፤ ዝርዝሩን የሸመደደ ያልፋል። ልጆቹ የሚሸመድዱት ሽምደዳ ስለሚያዋጣ ነው። ፈተና አውጪው አንድ ቀን «ከእነዚህ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ‘ሜክ አፕ’ ከሌሎቹ የተለየ ትርጉም የያዘው በየትኛው ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ በማግሥቱ ፎቶ ኮፒው መልኩን ይለውጣል።

«ትርጉሙ ማለቂያ ከሌለው ማን ይችለዋል?» ለሚል ደግሞ የሚያጽናና ወሬ አለኝ። ጋርድነርና ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ብዙ ጊዜ የሚያገለግሉ 100 ፍሬዛል ቨርቦችን ቢያዩ፣ አንዱ በአማካይ ከአምስት የሚበልጥ ትርጉም ተሸክሞ አገኙት። ያስፈራል። በ2015 ግን ጋርኒየርና ሽሚት 150ውን መርጠው፣ ከየግሡ አጠቃቀም ቢያንስ ሦስት አራተኛውን የሚሸፍኑትን ትርጉሞች ብቻ ለዩ። የቀራቸው 288 ነው፤ ለአንድ ግሥ ወደ ሁለት ገደማ። ሊቨርፑሎች በደስታ ጊዜ የሚሉትን የማያውቅ ልጅ ምንም አይቀርበትም። «ሜድ አፕ ኦፍ»ን የማያውቅ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ባዮሎጂው ይቀርበታል። ስለዚህ ዋናው ቁም ነገር የትኛው ትርጉም ለማን እንደሚቀድም መለየት ነው። የኛ ዝርዝሮች ከየት እንደተቀዱ እንጃ፣ ለተማሪ የምትቀድመዋን ትተው ለወሬ የምትመቸዋን ያስቀድማሉ።

መድኃኒቱም አዲስ ግኝት አይደለም። ቮልፍ ሌስላው፣ 100 ዓመት ሞልቶት እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈው ያ ትልቅ የሴም ቋንቋዎች ሊቅ፣ በ1973 ጀርመን አገር ያሳተመው አንድ የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት አለ። የመጽሐፉ ስም ራሱ «የዐውድ መዝገበ ቃላት» የሚል ነው። እንግሊዝኛውን ቃል ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስገባዋል፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። ትርጉሙ ሲለወጥ ዓረፍተ ነገሩም ይለወጣል። ቃሉን ከነጎረቤቶቹ ማለት ይኼ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ በምሁራን መደርደሪያ ላይ በክብር ተቀምጧል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ግን አልወረደም።

እስኪወርድ ድረስ አንዲት ነገር ማድረግ ይቻላል፤ ገንዘብም ፖሊሲም አትጠይቅም። መምህሩ ዝርዝሩን ሲያባዛ የእኩል ምልክቷን ይሰርዝና በቦታዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ያውም ከልጁ የባዮሎጂ ወይም የጂኦግራፊ መጽሐፍ የተወሰደ ይሁን። ሦስት መቶ የነበረው ዝርዝር ወደ ሃምሳ ይወርድ ይሆናል። ይውረድ። ልጁ ሃምሳውን ሲያገኛቸው ያውቃቸዋል።